ክረምት በመጣ ቁጥር የሚላጠውን ግድግዳ ዳግም ለመቀባት፦ ከፍተሻ እስከ መጨረሻው እጅ

በጥቅምት የተቀባ ግድግዳ ነሐሴ ላይ ከታች ጀምሮ ሲያብጥና ሲላጥ ጣት የሚቀሰረው ቀለሙ ላይ ነው። በዓመቱ ዋጋው ከፍ ያለ ሌላ ቀለም ተገዝቶ በዚያው በተላጠው ላይ ይቀባል፤ እሱም ክረምቱን አይሻገርም። ቀለም የሚይዘው የነካውን ነው። አቧራ ላይ ከተቀባ አቧራውን ይዞ ይወርዳል፤ ያረጀ ልጣጭ ላይ ከተቀባ ከልጣጩ ጋር ይነሳል፤ እርጥብ ልስን ላይ ከተቀባ ውሃው ከኋላ ገፍቶ ያወጣዋል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ሥራ ጣሳው ከመከፈቱ በፊት የሚሠራ ነው።

መመሪያው በሲሚንቶ ለተለሰነ የብሎኬት ቤት የውስጥ ግድግዳ ነው። የጭቃ ቤት ጠባዩ ሌላ ስለሆነ ወደ መጨረሻው ለብቻው ቀርቧል። 4 በ3.5 ሜትር ለሆነ አንድ ክፍል 5 ቀን መድቡ፤ ቀለም የሚቀባው ከእነዚህ በ2ቱ ብቻ ነው። በዓል ወይም ሠርግ ሦስት ቀን ሲቀረው የሚጀመር ቅብ በአብዛኛው የሚበላሸው በጥድፊያው ነው።

ደረጃ 1፦ ግድግዳውን መርምሩ

ቀለም ከመግዛታችሁ አንድ ሳምንት በፊት አራት ሙከራዎች አድርጉ። ወጪያቸው ጥቂት ፕላስተርና አንድ ቁራጭ ላስቲክ ነው።

1. በጥቁር ጨርቅ እሹት። ጨርቁ ላይ ነጭ ዱቄት ከወጣ አሮጌው ቀለም ሞቷል። ይታጠባል፣ ከዚያ ዱቄቱን የሚያስር ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መያዣ ቅብ) ይፈልጋል።
2. በምላጭ የ«×» ምልክት ቅደዱ። እያንዳንዱ መስመር 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሁን፤ ልስኑ ድረስ ይድረስ። በላዩ ጠንካራ ፕላስተር ለጥፉ፣ በጥፍራችሁ እሹት፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ሳቡት። ቀለሙ ተነስቶ ከመጣ በዚያ ግድግዳ ላይ ያለው ሁሉ መፋቅ አለበት። በአምስት ስድስት ቦታ ሞክሩ፤ በተለይ ከመስኮት ሥርና ከወለል በላይ ባለው አንድ ሜትር ውስጥ።
3. ላስቲክ ለጥፉ። 50 በ50 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሚያሳይ ላስቲክ በአራቱም ጎን አየር በማያስገባ ፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፉና ከ24 እስከ 48 ሰዓት ተዉት። ጤዛው ከላስቲኩ በስተጀርባ፣ ግድግዳውን በሚነካው ፊት ከታየ ውሃው የሚመጣው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ጤዛው በክፍሉ በኩል ባለው ፊት ከታየ ግን ችግሩ የክፍሉ አየር ነው፤ ምግብ ማብሰል፣ ልብስ ማስጣት፣ የማይከፈት መስኮት።
4. በስፓቱላ እጀታ አንኳኩ። ባዶ እንደሆነ ሣጥን የሚጮኽ ቦታ ላይ ልስኑ ከብሎኬቱ ተላቋል። ያ ክፍል ይውረድና እንደገና ይለሰን።

አዲስ ልስን ከሆነ 28 ቀን ጠብቁ። የሲሚንቶ ልስን ገና ትኩስ ሳለ ዘይት ቀለም ከተቀባበት በልስኑ ውስጥ ያለው አልካላይን ዘይቱን ወደ ሳሙናነት ይለውጠዋል፤ ቀለሙ ወር አልፎትም እጅ ላይ እየተጣበቀ ይቀራል።

ደረጃ 2፦ የውሃውን መግቢያ ዝጉ

ላስቲኩ እርጥበት ካሳየ ቀለም አትግዙ። መጀመሪያ ምንጩን ፈልጉ። ከውጭ ጀምሩ፦

- አሸንዳው ተሰብሮ ወይም በቅጠል ተደፍኖ ውሃውን ግድግዳው ላይ ያፈሰዋል?
- የግቢው አፈር ወይም የአበባ መደብ ከቤቱ ወለል ከፍ ብሎ ግድግዳውን ደግፎታል? ከሆነ ቢያንስ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እስኪል ቁፈሩት፤ ውሃው ከቤቱ እንዲሸሽ ተዳፋት አድርጉት።
- በግድግዳው ማዶ ሻወር ወይም የውሃ ቱቦ አለ? ቧንቧዎቹን ሁሉ ዘግታችሁ ቆጣሪውን ተመልከቱ፤ ከተንቀሳቀሰ የሆነ ቦታ ይፈስሳል።
- ኮርኒሱ ላይ ቡኒ ክብ ካለ ቆርቆሮው ላይ ወጥታችሁ ሚስማሮቹን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ የላላ ሚስማር ወይም ጎማው ያለቀ ነው።

ምንጩ ከተዘጋ በኋላ ግድግዳው ይደርቅ ዘንድ ሳምንታት ይፈልጋል። ለደጋው አገር ጥሩው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ በኋላ ያለው በጋ ነው። የላስቲኩን ሙከራ ድገሙት፤ ደረቅ ሲሆን ብቻ ወደ ደረጃ 3 እለፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ግድግዳ ለማድረቅ ወይም ቀለም ለማፋጠን በተዘጋ ክፍል ከሰል አታቀጣጥሉ። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ (ካርቦን ሞኖክሳይድ) አለው፤ በተኛበት ሰው ይገድላል። ቲነር በተከፈተበት ክፍል ደግሞ እሳት ያስነሳል። መስኮት ይከፈት፣ በቂ ነው።

ደረጃ 3፦ ልኩን አስሉ፣ ዕቃውን አሟሉ

ለ4 በ3.5 ሜትር ክፍል፣ ከፍታው 2.8 ሜትር ከሆነ፦ ዙሪያው 15 ሜትር፣ ሲባዛ በ2.8፣ 42 ካሬ ሜትር። አንድ በር (1.9) እና አንድ መስኮት (1.8) ሲቀነስ 38 ካሬ ገደማ ይቀራል። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም (በውሃ የሚበጠበጠው) ለስላሳ ግድግዳ ላይ በአንድ እጅ (በአንድ ዙር ቅብ) ከ8 እስከ 12 ካሬ ይሸፍናል፤ 9 ብላችሁ አስሉ። ለሁለት እጅ 8.5 ሊትር፣ ከመጠባበቂያው ጋር 10 ሊትር ይበቃል። ጣሳው ላይ የተጻፈው በኪሎ ከሆነ አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም 1.3 እስከ 1.5 ኪሎ ይመዝናል፤ 10 ኪሎ ገዝቶ 10 ሊትር የገዛ የሚመስለው ሰው ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ያልቅበታል።

ሁሉንም ባንዴ ግዙ፤ የጣሳዎቹ የምርት ቁጥር (ባች) አንድ መሆኑን አረጋግጡ። በኋላ ተጨምሮ የሚመጣ ቀለም በስም አንድ ቢሆንም በመልክ ይለያል።

ሌላው ዕቃ፦ ሁለት ስፓቱላ (5 እና 15 ሴንቲ ሜትር)፣ ብርጭቆ ወረቀት 80፣ 120 እና 180 ቁጥር፣ የ5 ሴንቲ ሜትር ብሩሽ፣ ፀጉሩ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ሮለር (ለሻካራ ግድግዳ 18)፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ላስቲክ፣ በረኪና፣ የዱቄት ሳሙና፣ ሁለት ባልዲ፣ ጓንት፣ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ፣ የዓይን መነጽር። ብሩሽ ላይ አትቆጥቡ፤ ፀጉሩን የሚጥል ብሩሽ ቀኑን ሙሉ ከግድግዳ ላይ ፀጉር ያስለቅማል።

ደረጃ 4፦ ክፍሉን አዘጋጁ

ዕቃውን አውጡ፤ የማይወጣውን መሐል ሰብስባችሁ በላስቲክ ሸፍኑ። የክፍሉን መብራት ከብሬከሩ አጥፉ፤ የሶኬትና የማብሪያ ማጥፊያ ክዳኖችን ፍቱ። ዙሪያቸውን በብሩሽ ማለፍ ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል፣ ግን በኋላ ክዳኑ ሲፈታ ቀለሙን ይዞ ይላጣል።

ደረጃ 5፦ ፋቁ፣ እጠቡ

ሥራው እዚህ ላይ ነው። ሰው የሚሰለቸውም እዚህ ላይ ነው።

1. የላላውን ሁሉ በስፓቱላ ፋቁ። ስፓቱላውን 30 ዲግሪ ያህል አጋድማችሁ ከልጣጩ ጠርዝ ወደ ውስጥ ግፉ። የሚቆመው ቀለሙ ሲያልቅ ሳይሆን ስፓቱላው አልገባ ሲል ነው። የቀረውን ጠርዝ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ፤ ጣት ሲያልፍበት ደረጃ እንዳይሰማው።

ማስጠንቀቂያ፦ ያረጀ ዘይት ቀለም፣ በተለይ ቢጫ፣ ቀይና አረንጓዴው፣ እርሳስ (ሊድ) ሊኖርበት ይችላል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የአገራችን ደንብ በቀለም ውስጥ ያለውን ሊድ ከ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) እንዳይበልጥ ይገድባል፤ ከዚያ በፊት የተቀባው ግን ግድግዳው ላይ ነው። ደረቁን አትፈግፍጉ፣ በእሳትም አታቃጥሉ። በውሃ እያራሳችሁ ፋቁ፤ ልጣጩን በላስቲክ ሰብስቡ፤ ልጆችና ነፍሰ ጡር ከቤቱ ይራቁ።

2. ሻጋታ ካለ 1 እጅ በረኪና በ3 እጅ ውሃ በጥብጡ፤ በስፖንጅ ቀቡት፣ 15 ደቂቃ ተዉት፣ እሹት፣ በንጹህ ውሃ አጥቡት። በረኪናን ከአሲድም ሆነ ከሌላ የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ሻጋታን ሳያጸዱ መቀባት ለጥቂት ወራት መደበቅ ነው፤ በቀለሙ ውስጥ አልፎ ይወጣል።

3. ነጭ የጨው ዱቄት ካለ በደረቅ ብሩሽ ብቻ ጥረጉ። በውሃ ካጠባችሁት ጨው ሟሙቶ ተመልሶ ወደ ልስኑ ይገባል። በሳምንቱ ዳግመኛ ከወጣ እርጥበቱ አላለቀም፤ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ።

4. የከሰል ጥላሸት፣ የእጣን ጭስና የዘይት ፍናጣቂ ያለበትን በዱቄት ሳሙና ከታች ወደ ላይ እጠቡ። ከላይ ከጀመራችሁ የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ በደረቁ ላይ መስመር ይጥላል። ከዚያ ከላይ ወደ ታች በንጹህ ውሃ አለቅልቁ። የቀረ ሳሙና ቀለሙ እንዳይያዝ ያደርጋል።

5. ብዙ ቤት የግድግዳው የታችኛው አንድ ሜትር በዘይት ቀለም ተቀብቷል። እሱን በፕላስቲክ ቀለም ለመሸፈን ከፈለጋችሁ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ በ120 ቁጥር አሹት (ያረጀ ከሆነ ከላይ እንደተባለው በውሃ እያራሳችሁ)፣ አቧራውን አንሱ፣ ለዘይት ቀለም የሚይዝ ፕራይመር ቀቡ። ይህ ካልተደረገ በጥፍር እንደ ፌስታል ይነሳል።

አንድ ሌሊት ይደር።

ደረጃ 6፦ ስንጥቅና ስቱኮ

ከመሙላታችሁ በፊት ስንጥቁን ተመልከቱት። ከበር ወይም ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚሄድ ከሆነ ሁለቱ ጫፎች ላይ በእርሳስ መስመር ሠርታችሁ ቀኑን ጻፉበት። በወሩ መስመሩን አልፎ ከሄደ የሚንቀሳቀሰው ቤቱ ነው፤ መሐንዲስ ይየው። ስቱኮ (ግድግዳ ማለስለሻው ልባስ) አይዘው።

ያልተንቀሳቀሰውን በስፓቱላ ጠርዝ እስከ 5 ሚሊ ሜትር ክፈቱት፣ አቧራውን በብሩሽ አውጡ፣ ውሃ ርጩበት፣ ሙሉት። ደረቅ ልስን የመሙያውን ውሃ መጥጦ ስለሚያስነጥቀው ነው ውሃው የሚረጨው።

ጥልቅ ጉድጓድን በጀሶ ስትሞሉ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ውሃውን አስቀድሙ፤ ጀሶውን ከላይ እየነሰነሳችሁ ጨምሩ፤ ውሃው ላይ ደሴት መስሎ መቆም ሲጀምር አቁሙ፤ አንድ ደቂቃ ጠብቃችሁ አማስሉ። በ10 ደቂቃ የሚያልቅ ብቻ አዘጋጁ። ጠንከር ማለት የጀመረ ጀሶ ላይ ውሃ መጨመር ለጊዜው ያለሰልሰዋል እንጂ ከደረቀ በኋላ በጣት ይፈረፈራል። ዕቃውንም በየዙሩ እጠቡ፤ የደረቀ ጀሶ ቁራጭ ከቀረበት አዲሱን ቶሎ ያደርቀዋል። እርጥበት በሚያጠቃው የታችኛው ግድግዳና በውጭ በኩል ጀሶ አታስገቡ፤ የሲሚንቶ ድብልቅ ተጠቀሙ።

ስቱኮውን በሁለት ስስ እጅ አልብሱ። አንዱ ከ1 ወይም 2 ሚሊ ሜትር አይወፍር። የመጀመሪያው ሲደርቅ ሁለተኛውን በተቃራኒ አቅጣጫ ሳቡ። ሲደርቅ በ120፣ ቀጥሎ በ180 አሹት። ክፍሉን አጨልሙና የስልክ መብራት ግድግዳው ላይ በጎን አስጠግታችሁ አብሩ፤ ቀን የማይታየው ጉብታ ሁሉ ጥላ ጥሎ ይወጣል። አሁን ካላስተካከላችሁት ማታ አምፖል በበራ ቁጥር ታዩታላችሁ።

ከዚያ አቧራውን አንሱ፦ መጀመሪያ በለስላሳ መጥረጊያ፣ ቀጥሎ ተጨምቆ ውሃው በወጣለት እርጥብ ጨርቅ። የስቱኮ አቧራ ሳይነሳ ከተቀባ ሁለተኛው እጅ ላይ ሮለሩ የመጀመሪያውን ይዞ ይነሳል።

ደረጃ 7፦ ፕራይመር

ፕራይመርን ትቶ ሦስተኛ እጅ ቀለም መጨመር ቁጠባ አይደለም። ስቱኮው ቀለሙን ከአሮጌው ግድግዳ የበለጠ ስለሚመጥ ካልታሸገ የተጠገነው ቦታ ሁሉ ደብዝዞ እንደ ካርታ ይታያል። ጣሳው በሚለው ልክ በጥብጡ፣ አንድ እጅ ቀቡ፣ ያድር። የቡኒ ውሃ እድፍና የጥላሸት ምልክት ባለበት ቦታ ብቻ በዘይት የተሠራ ፕራይመር ተጠቀሙ፤ በውሃ የሚበጠበጠው እድፉን አሟሙቶ ወደ ላይ ያመጣዋል።

በማግስቱ መዳፋችሁን በግድግዳው ላይ ሳቡ። ዱቄት ከወጣ ሌላ እጅ ፕራይመር ይፈልጋል።

ደረጃ 8፦ ቀለሙን ቀቡ

ቅደም ተከተል፦ ኮርኒስ፣ ግድግዳ፣ በርና መስኮት፣ በመጨረሻ ዞኮሎ (ከወለሉ ጋር የሚገናኘው የግድግዳ ግርጌ ጠርዝ)።

1. ጣሳዎቹን ሁሉ በአንድ ትልቅ ባልዲ ገልብጡና በጠፍጣፋ እንጨት ከሥር እያነሳችሁ 5 ደቂቃ አማስሉ። ክብደት ያለው የቀለሙ ክፍል የሚተኛው ከሥር ነው።
2. ለመጨረሻው እጅ ውሃው ከ5 እስከ 10 በመቶ ይሁን፤ የጣሳው መመሪያ የተለየ ከጠየቀ እሱን ተከተሉ። ቀለሙ እንዲበረክት ውሃ የሚጨመርበት ግድግዳ አይሸፈንም፣ ሲታጠብም ይለቃል።
3. በአዲስ ሮለር ላይ ፕላስተር ጠቅልላችሁ ሳቡት፤ የላላ ፀጉሩ ይወጣል። በውሃ አርሳችሁ ጭመቁት።
4. በብሩሽ ከኮርኒሱ፣ ከማዕዘኑና ከዞኮሎው ጎን ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ቀቡ። የብሩሹን ፀጉር አንድ ሦስተኛ ብቻ ንከሩ። የክፍሉን ዙሪያ በሙሉ በብሩሽ አትጨርሱ፤ አንድ ግድግዳ ብሩሹ እንዳለፈበት ገና ሳይደርቅ በሮለር ተከተሉት። የደረቀ ጠርዝ ላይ ሮለር ሲያልፍ ዙሪያውን እንደ ክፈፍ የሚያሳይ መስመር ይቀራል።
5. ሮለሩን ነክራችሁ ትርፉን አራግፉ፤ አንድ ሜትር ስፋት ላይ በ«ሠ» ቅርጽ ዘርጉ፣ ባዶውን ሙሉ፣ በመጨረሻ ሳትጫኑ ከላይ ወደ ታች በአንድ አቅጣጫ አስተካክሉ። ቀጣዩን አንድ ሜትር ከእርጥቡ ጠርዝ ጋር እያገናኛችሁ ሂዱ።
6. ግድግዳ መሐል አታቁሙ። ቡና ከተፈላ ግድግዳውን ጨርሱና ውጡ።
7. ያለፋችሁበት ቦታ ላይ ጉድለት ካያችሁና 10 ደቂቃ ካለፈ አትመለሱበት። ግማሽ የደረቀ ቀለም ሲነካ ይቦጨቃል። ለሁለተኛው እጅ ተዉት።

በበጋ በሁለቱ እጆች መካከል ቢያንስ 4 ሰዓት ይቆይ፤ አየሩ እርጥብ ከሆነ ይደር። በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከ10 ዲግሪ በታች ስለሚወርድ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት አቁሙ፤ ፕላስቲክ ቀለም ሳይጠነክር ብርድ ካገኘው ደካማ ሆኖ ይቀራል።

ሲበላሽ

ከሁሉ በፊት የተላጠውን ቁራጭ አንሱና ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ። ነጭ ዱቄት ከያዘ አቧራው ወይም ስቱኮው አልጸዳም። ሙሉ ልባስ አሮጌ ቀለም ይዞ ከመጣ አሮጌው አልተፋቀም። ንጹህና ለስላሳ ከሆነ የተቀባው አንጸባራቂ ዘይት ቀለም ላይ ነው። እርጥብ ከሆነ ወይም የጨው ቅንጣት ካለበት ምንጩ ከግድግዳው ውስጥ ነው። መልሱ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ወደሚመለከተው ደረጃ ተመለሱ።

- ቀለሙ ፊኛ ካወጣ ወዲያው አታፍርጡት። ይድረቅ፣ ይፋቅ፣ ይጠገን።
- ወርዶ ከተንጠባጠበ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በ180 አሽታችሁ በስሱ ድገሙት።
- የሮለር መስመር ከቀረ በ180 ቀለል አድርጋችሁ አሹት፤ ቀጣዩን እጅ ሳትጫኑ ቀቡ። መስመር የሚመጣው ያለቀበትን ሮለር በመጫን ነው።
- አንድ ቦታ ብቻ ከተነካካና መጠገኛው ካስታወቀ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያንን ግድግዳ በሙሉ አንድ እጅ ቀቡ።

የጭቃ ቤት ከሆነ

በእንጨትና በጭድ ጭቃ የቆመ ግድግዳ እርጥበት ያስገባል፣ ያስወጣልም፤ ከአየሩም ጋር ያብጣል፣ ይኮማተራል። የማይለጠጥ የሲሚንቶ ልስንና ዘይት ቀለም ሲለብስ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ልስኑ እንደ ቅርፊት ይነሳል፣ ከውስጥ እንጨቱ ይበሰብሳል። ስንጥቁን በተቦካና በደረሰ ስስ ጭቃ ሙሉ፣ አለስልሱ፣ ይድረቅ። ከዚያ በውሃ የጠፋና የተጣራ ኖራ እንደ ወተት አቅጥናችሁ፣ ግድግዳውን በውሃ አርሳችሁ፣ በየ24 ሰዓቱ ሦስት ስስ እጅ ቀቡ። ወፍራም ኖራ ይሰነጠቃል፤ የሚያቃጥል ስለሆነም መነጽርና ጓንት አይውለቅ። ኖራ ሲቀባ ገርጥቶ የሚታይ ነው፤ ነጭ የሚሆነው ሲደርቅ ነው፣ ስለዚህ እርጥቡን አይታችሁ አትደራርቡ።

ከተቀባ በኋላ

ፕላስቲክ ቀለም የነካውን ብሩሽና ሮለር ወዲያው በሳሙናና በውሃ እጠቡ። ቲነርና ዘይት ቀለም የነካ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጥግ አይጣል፤ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት። የቀረውን ቀለም ክዳኑን አጥብቃችሁ ክፍሉንና ቀኑን ጻፉበት። በየጠርዙ የለጠፋችሁት የወረቀት ፕላስተር ካለ ቀለሙ ገና ሳይጠነክር ወደ ራሱ አጥፋችሁ በዝግታ ሳቡ። ክዳኖቹን መልሳችሁ ግጠሙ፣ ከዚያ ብሬከሩን አብሩ። ግድግዳውን ለ4 ሳምንት አትጠቡት፤ አልጋና ቁም ሣጥን ስትመልሱ ከግድግዳው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ አየር በማያልፍበት ጀርባ ሻጋታው ዳግም የሚጀምረው እዚያ ነው።